የጁሙዓ ማስታወሻ፦ ካርታውን ስናጣምም



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሩጫ ነው። ስለ ቀነኒሳና ስለ ደራርቱ ሩጫ ግን አይደለም። ትራክ የለውም፣ የሚያጨበጭብ የለውም፣ መንገዱ ራሱ የት እንደሆነ የሚነግራችሁ የለም። ኦሪየንቲሪንግ ይሉታል። እኔ በምኖርበት በስዊድን ከአያት እስከ ልጅ ልጅ የሚሮጠው ስፖርት ነው። ሲጀመር የወታደር ልምምድ ነበር፤ በ1919 ኤርንስት ኪላንደር የሚባል ሻለቃ ስቶክሆልም አጠገብ ናካ ላይ ትልቅ ውድድር አዘጋጀና ወጣቱ ሁሉ ጫካ ገባ። እስከ ዛሬም አልወጣም።

አጨዋወቱ እንዲህ ነው። መነሻው ላይ ተራችሁ ሲደርስ ካርታ ትቀበላላችሁ። ከዚያ በፊት ማየት አይፈቀድም። ካርታው ላይ ሦስት ማዕዘን መነሻውን ያሳያል፤ ቁጥር የተጻፈባቸው ክቦች በተራ ልትደርሱባቸው የሚገቡ ቦታዎች ናቸው፤ ድርብ ክብ መጨረሻው ነው። በእያንዳንዱ ክብ መሃል፣ እውነተኛው ጫካ ውስጥ፣ ነጭና ብርቱካናማ ጨርቅ ተሰቅሏል። ኮንትሮል ይባላል። እዚያ ትደርሱና ጣታችሁ ላይ ያለችውን ቺፕ ታስነካላችሁ፤ ጢጥ ትላለች፤ ወደሚቀጥለው ትሄዳላችሁ። በሁለቱ መካከል በየት በኩል እንደምትሄዱ ምርጫው የእናንተ ነው። ስልክ አውጥቶ በጂፒኤስ መንገድ መፈለግ ክልክል ነው። ካርታና ኮምፓስ፣ በቃ። አንዷን ኮንትሮል የዘለለ ሰው ከሁሉ ቀድሞ ቢገባ እንኳን ውጤት የለውም።

እኔ ወደዚህ የገባሁት በጫካ ሩጫ በኩል ነው። እግሬ ፈጣን ስለነበር ቀላል መስሎኝ ነበር።

ውሎዬን ልንገራችሁ። ሱብሒ ሰግጄ፣ ሁለት ሦስት ተምርና አንድ ብርጭቆ ውሃ ወስጄ፣ ከቤቴ ጀርባ ያለው ጫካ ውስጥ እገባለሁ። 8 ኪሎ ሜትር፣ ቀኑ ደህና ከሆነ 10። መሬቱ የዛፍ ሥር፣ የሚያዳልጥ ድንጋይና ረግረግ ነው፤ ዓይኑን ከእግሩ ሥር ያነሳ ሰው ቁርጭምጭሚቱን ይከፍላል። ዳገት ስወጣ «አላሁ አክበር»፣ ቁልቁለት ስወርድ «ሱብሐነላህ» እላለሁ። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ሶሓቦች በጉዞ ላይ ከፍ ሲሉ ተክቢር፣ ዝቅ ሲሉ ተስቢሕ ያደርጉ እንደነበር ጃቢር (ረ.ዐ) ነግረውን ቡኻሪ ዘግበውታል። የተራራ ሯጭ ሆኖ ይህን ሐዲስ ያልሰማ ካለ ከዛሬ ጀምሮ ትንፋሹን ያትርፍበት።

ሥራ ስሄድ ባቡር ውስጥ የድሮ ውድድር ካርታ ዘርግቼ በአእምሮዬ እሮጣለሁ። የኦሪየንቲሪንግ ካርታ የራሱ ቋንቋ አለው። ነጩ ቀለም ሜዳ ይመስላል፤ ግን እንደ ልብ የሚሮጥበት ጫካ ማለት ነው። አረንጓዴው እየደመቀ ሲሄድ ጫካው እየጠበበ፣ እየቧጠጠ ይመጣል። ቡናማ መስመሮች ሲጠጋጉ ገደል አለ። ማክሰኞ ማታ ከክለቡ ጋር ልምምድ አለን። በዲሴምበር እዚህ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ስለምትጠልቅ ልምምዱ በግንባር ባትሪ ነው። በጁን ደግሞ መግሪብ የሚገባው ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲያልፍ ነው። ስለዚህ የሶላቴ ሰዓትና የሩጫዬ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ሲገፋፉ ይኖራሉ። አንዳንዴ ቋጥኝ ተጠግቼ እሰግዳለሁ። ምድር ለዚህ ኡመት መስገጃና መጥሪያ መደረጓ ጫካ ውስጥ ሲሆኑ ይበልጥ ይገባል።

መስገድ ስል ቂብላን አስታወሳችሁኝ። አዲስ አበባ ላይ ቆማችሁ ኮምፓስ ብትይዙ፣ መካ ያለችው ቀይዋ መርፌ በምታመለክትበት በኩል ነው ማለት ይቻላል፤ ወደ ሰሜን፣ ትንሽ ብቻ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብላ። እኔ አዲስ አበባ ነው ያደግኩት። ቂብላ ማለት ለእኔ ወደ እንጦጦ መዞር ነበር። ስቶክሆልም ላይ ግን መርፌዋን ጀርባ መስጠት ነው፤ መካ በደቡብ፣ ወደ ምሥራቅ አዘንብላ ናት። መካ አልተነሳችም፤ ቦታ የቀየርኩት እኔ ነኝ። እዚህ በመጣሁ ሰሞን እንደ ልማዴ ወደ ሰሜን ዞሬ «አላሁ አክበር» ብል፣ ልቤ እርግጠኛ እንደሆነ ፊቴን ወደ ሰሜን ዋልታ ሰጥቼ እሰግድ ነበር። እርግጠኛ መሆንና ትክክል መሆን ለየቅል ናቸው።

ኦሪየንቲሪንግ ስትጀምሩ መጀመሪያ የሚያስተምሯችሁ ነገር ይሄው ነው። በዞራችሁ ቁጥር ካርታውን ከምድሩ ጋር አስማሙ። የካርታው ሰሜን ሁልጊዜ የምድሩን ሰሜን ይይ። አውራ ጣታችሁ ያላችሁበት ነጥብ ላይ ትሁን፤ ስትሄዱ አብራችሁ ትሂድ። ይህን መነሻው ላይ አንዴ አድርጎ መሮጥ አይቻልም። መንገድ በታጠፈ፣ ጉብታ ባለፈ፣ ኮንትሮል በተነካ ቁጥር እንደገና ነው። ጎበዝ ሯጮችን ብታዩ ኮምፓሳቸውን የሚያዩት ከጀማሪው በላይ ነው።

አሁን ፋቲሓን አስቡ። በአምስቱ የግዴታ ሶላቶች 17 ረከዓ አለ። በያንዳንዱ ረከዓ አላህን ቀጥተኛውን መንገድ እንዲመራን እንለምነዋለን። በቀን ቢያንስ 17 ጊዜ። ልጅ ሆኜ ይህ ግራ ያጋባኝ ነበር። ሙስሊም ነኝ፣ ቂብላ ዞሬ ቆሜያለሁ፣ እየሰገድኩ ነው፤ ታዲያ ምኑን ነው የምመራው? ኢብኑ ከሢር በተፍሲራቸው ይህንኑ ጥያቄ ራሳቸው አንስተው መልሰውታል። ባሪያው በእያንዳንዷ ሰዓት መንገዱ ላይ ጸንቶ ለመቆየትና በሒዳያው ላይ ለመጨመር ወደ አላህ ይከጅላል፤ አላህ ካልረዳው ለራሱ ጥቅምም ጉዳትም ማምጣት አይችልም። መልሱን ካነበብኩት ቆይቷል። የገባኝ ግን ጫካ ውስጥ ጠፍቼ ነው።

በልግ ነበር፣ እሑድ፣ አነስተኛ የሰፈር ውድድር። እስከ አራተኛው ኮንትሮል ድረስ እንዲህ ሮጬ አላውቅም። አምስተኛው ከአንድ ረግረግ አጠገብ ካለ ጉብታ ሥር፣ ትልቅ ድንጋይ ጎን ነው። ኮምፓሱን ከአራተኛው ስነሳ አየሁት፤ ከዚያ እግሬን አመንኩ። ረግረግ አገኘሁ። ጉብታ አገኘሁ። ድንጋይም አለ። ጨርቁ ግን የለም።

ካርታው ላይ ረግረጉን ይዞ የሚሄድ የእግር መንገድ አለ። እዚህ የለም። «ቅጠል ሸፍኖት ይሆናል» አልኩ። ካርታው ላይ ጉብታው በስተሰሜን ገደል ነው። እዚህ ለጥ ያለ ነው። «ካርታውን የሠራው ሰው አጋንኖት ይሆናል» አልኩ። ካርታው ላይ ትንሽ ወንዝ አለ። «ደርቆ ይሆናል»። በበልግ ዝናብ! ድንጋዩን ሦስት ጊዜ ዞርኩት። ቀጥሎም የምለው ሲጠፋኝ «ኮንትሮሉን ሰው ሰርቆት ይሆናል» አልኩ። ወላሂ፣ ይህን ከልቤ አምኜ ቆሜ ነበር።

የጫካ ሯጮች ለዚህ በሽታ ስም አላቸው፤ ካርታውን ማጣመም ይሉታል። ሰውየው የቆመበትን ቦታ ትክክል ለማድረግ ሲል ካርታውን በሐሳቡ ይጠመዝዘዋል። ሞኝ ሰው ብቻ አይደለም የሚይዘው። ይልቁንም ፈጣንና በራሱ የሚተማመን ሰው ላይ ይበረታል፤ ምክንያቱም ተሳስቻለሁ ማለት የሮጠውን ሁሉ ያስከፍለዋል። ምድሩ ደግሞ ያግዘዋል። ረግረግ ከረግረግ፣ ጉብታ ከጉብታ ይመሳሰላል። ሙሉ በሙሉ የማይመስል ቦታ ቢሆን ቶሎ ይነቃ ነበር። ግማሹ ትክክል የሆነ ስሕተት ነው ሰውን አስሮ የሚያስቀረው።

መፍትሔው አንድ ነው፤ በልምምድ የመጀመሪያ ቀን ተነግሮኛል። ቁሙ። ወደፊት አትሩጡ፤ በግምት ግራ ቀኝ አትሉ። በእርግጠኝነት ወደምታውቁት የመጨረሻ ቦታ ተመለሱ። እኔ የማውቀው ቦታ አራተኛው ኮንትሮል ነበር፤ 400 ሜትር ያህል ወደ ኋላ። ከተመለስኩበት አምስተኛውን ለማግኘት አራት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ካርታው እንደነበረ ነው፤ መንገዱም፣ ገደሉም፣ ወንዙም። ላለመመለስ ስከራከር ያቃጠልኩት ጊዜ ግን ሃያ ደቂቃ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ሰው አላህ የሸፈነለትን ወንጀል በአደባባይ ማውራት እንደሌለበት ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ተምረናል። ስለዚህ ዝርዝር ውስጥ አልገባም። ለምክር የሚሆነውን ያህል ብቻ፦ እዚህ አገር በመጣሁባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ሶላቴ ከእጄ ወጥታ ነበር። በአንድ ቀን አልወጣችም። ካርታው ላይ ሶላት በወቅት በወቅቱ የተደነገገች ግዴታ ናት (ሱረቱ አን-ኒሳእ 103)። እኔ የቆምኩት ሌላ ቦታ ነው። ታዲያ ምን አደረግኩ? «ሥራ ቦታ መስገጃ አይፈቅዱም ይሆናል» አልኩ። ጠይቄ አላውቅም። «ማታ ቤት ስገባ አንድ ላይ እሰግዳቸዋለሁ» አልኩ። ማታ ደክሞኛል። «አላህ መሓሪ ነው፣ ልቤን ያውቃል» አልኩ። ይህ ግማሹ ትክክል የሆነው ነው። አላህ መሓሪ ነው፤ ልቤንም ያውቃል። ያስፈራኝ የነበረ ያው ነው ብዬ ዛሬ አስባለሁ።

ኮፍያዬን አጥልቄ፣ ረመዳን እየጾምኩ፣ ዒድ እየሰገድኩ፣ ሐላል ሥጋ እየፈለግኩ። ረግረጉም አለ፣ ጉብታውም አለ፣ ድንጋዩም አለ። ኮንትሮሉ ብቻ ነው የሌለው።

አላህ በሱረቱል ጃሢያ 23ኛው አንቀጽ ዝንባሌውን አምላኩ አድርጎ ስለያዘ ሰው ሲነግረን፣ ያ ሰው ዕውቀት የሌለው እንዳልሆነ የሚያስረዱ ሙፈሲሮች አሉ። እያወቀ ነው። ካርታው በእጁ ነው። ይህን አንቀጽ ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው ጉዳይ አድርጌ ነው የቀራሁት፤ ጣዖት ፊት ስለቆመ ሰው። ዝንባሌ ግን ሁልጊዜ «ሃይማኖትህን ተው» ብሎ አይመጣም። «መንገዱ በቅጠል ተሸፍኖ ይሆናል» ብሎም ይመጣል።

ከዚያ ውድድር በኋላ በነበረው ሳምንት የማውቀውን የመጨረሻ ቦታ ፈለግኩ። ሱብሒ ነበረች። ልጅ ሆኜ እማዬ «ተነስ ልጄ፣ ሶላት አለፈህ» እያለች በሩን ስታንኳኳ፣ ብርዱ፣ የጆጉ ውሃ፣ ወንድሜ ከእኔ ቀድሞ ውዱእ ለማድረግ ሲሽቀዳደም። እዚያ የት እንደነበርኩ አውቃለሁ። ስለዚህ ከዚያ ጀመርኩ። ሱብሒን በወቅቷ። እሷ ስትቆም ዙህርን። ለዙህር አለቃዬን ማናገር ነበረብኝ። ስንት ዓመት ሙሉ የፈራሁት ነገር ነው። «ለጸሎት አሥር ደቂቃ ያስፈልገኛል» አልኩት። «ዕቃ ቤቱ ባዶ ነው፣ ቁልፉ እዚያ ተሰቅሏል» አለኝና ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰ። ይኸው ነበር። (ያለፏችሁ ሶላቶች ካሉ ቀዷን እንዴት እንደምታወጡ አቅራቢያችሁ ያለውን ዓሊም ጠይቁ፤ ከእኔ ዓይነቱ ሯጭ ፈትዋ አትውሰዱ።)

ተውበት የሚለው የዐረብኛ ቃል መሠረቱ መመለስ ነው። ብዙ ወጣቶች በውስጥ መስመር የሚጽፉልኝ «እንዴት ልጀምር፣ በጣም ርቄያለሁ» እያሉ ነው። ርቀታችሁን ሁሉ በአንድ ጀንበር መሙላት አይጠበቅባችሁም። መቼ ነበር በእርግጠኝነት መንገዱ ላይ የነበራችሁት? አንዲት ሱረት ከኡስታዛችሁ ፊት የሐፈዛችሁባት መድረሳ ትሆናለች። አያታችሁ ጋር የተሰገደች ተራዊሕ ትሆናለች። አንዳንዱ ደግሞ እንዲህ ያለ ቦታ በሕይወቱ ኖሮት አያውቅም፤ እሱ መነሻው ሦስት ማዕዘን አለለት፤ ሸሃዳው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህኛው በተለይ ስልክ ላይ ለምንውል ነው። በአንድ ጫካ ውስጥ በአንድ ቀን የ12 ዓመት ልጅም የ80 ዓመት አዛውንትም ይሮጣሉ፤ ግን የሁሉም መስመር አንድ አይደለም። ጨርቆቹ ደግሞ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። የሚለያቸው እላያቸው ላይ ያለው ቁጥር ነው። ጀማሪ ሆኜ ደጋግሜ የሠራሁት ስሕተት ፊት ለፊቴ በልበ ሙሉነት የሚሮጥ ሰው ሳይ ካርታዬን አጥፌ እሱን መከተል ነው። እንዴት ደስ ይላል! ማሰብ የለም፣ ኮምፓስ የለም። ጨርቁ ጋ ስትደርሱ ቁጥሩ የእናንተ አይደለም። ሰውየው አልጠፋም፤ የራሱን ኮንትሮል ነው የነካው። የጠፋሁት እኔ ነኝ። ደግሞም አንዳንዴ እሱም ጠፍቶ ነው፤ ከኋላ ሲታይ የጠፋ ሯጭና ያወቀ ሯጭ አንድ ናቸው። ቲክቶክ ላይ ስለ ዲን በድፍረት የሚናገር ሁሉ ጀርባው ያምራል። ቁጥሩን እዩ። ደሊሉ የት አለ? ከማን ተማረ?

ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) እንደነገሩን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ለሶሓቦቻቸው በእጃቸው አንድ መስመር አሰመሩና የአላህ መንገድ እንደሆነ ነገሯቸው። ከዚያም በስተቀኙና በስተግራው ሌሎች መስመሮችን አሰመሩ፤ በያንዳንዱ ላይ ወደዚያ የሚጠራ ሸይጣን እንዳለ አስጠነቀቁ። የአል-አንዓምን 153ኛ አንቀጽም ቀሩ። ይህን ሐዲስ ካርታ ላይ ከጎነበስኩ ወዲህ በሌላ ዓይን ነው የማየው። የጎን መስመሮቹ ከዋናው ርቀው አልተሰመሩም፤ ከጎኑ ናቸው።

ማታ ማታ ምን እንደማደርግ ልንገራችሁና ላብቃ። ከልምምድ በኋላ ካርታዬን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ በቀይ እስክሪብቶ የሄድኩበትን እሰምራለሁ። ልሄድበት የነበረውን አይደለም፤ በእውነት የሄድኩበትን። የጠመዘዝኩባት ቦታ ላይ ክብ አደርጋለሁ፤ ስንት ደቂቃ እንዳባከንኩ እጽፋለሁ። መጀመሪያ አካባቢ መስመሩን ትንሽ ቀና አድርጌ እሰምር ነበር፤ ማንም የማያየውን ወረቀት! ዑመር (ረ.ዐ) ሳትተሳሰቡ በፊት ራሳችሁን ተሳሰቡ ማለታቸው ሲነገር ሰምተናል። ታዲያ ከካርታው ቀጥሎ በዚያው እስክሪብቶ ቀኔንም እሰምራለሁ። ዙህር ስንት ሰዓት ሰገድኩ? ማን ላይ ተቆጣሁ? ስልኩን ስንት ሰዓት ያዝኩ? አንዳንድ ቀን ወረቀቱ ቀይ በቀይ ይሆናል።

ከነገ ወዲያ እሑድ ከከተማው ወጣ ብሎ ውድድር አለኝ፤ 12 ኮንትሮል። መነሻዬ ከረፋዱ 5 ሰዓት ከሩብ ነው፤ ዙህር ጫካ ውስጥ ሳለሁ ይገባል፤ ስለዚህ ስጨርስ ከመኪና ማቆሚያው ጎን እሰግዳለሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ኮምፓስ፣ ቺፕ፣ ደረቅ ካልሲና ቀጭኗ መስገጃዬ ገብተዋል። በዱዓችሁ አትርሱኝ። ሱረቱል ካህፍን ያልቀራችሁ መግሪብ እስኪገባ ጊዜ አላችሁ፤ በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሶለዋት ማውረድም ዛሬ አብዙ።

ጁሙዓ ሙባረክ።